በሰው አገር የተወለደች ልጅና ፓስፖርትዋ

አዲስ ለተወለደ ሕፃን የሚያስፈልገው የእናት ጡትና የሞቀ ጨርቅ ብቻ ነው ይባል ነበር። ዛሬ ግን ወላጆቹ በሰው አገር የሚኖሩ ከሆነ፣ ገና ዓይኑን በደንብ ሳይገልጥ አንድ ተጨማሪ ነገር ይፈለግለታል፤ ይኸውም ፓስፖርት ነው። እናቲቱ በአራስ ቤት ሳለች አባትየው ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ይሯሯጣል፤ አገር ቤት ያለው ዘመድም በበኩሉ ወረቀት ሲያሳድድ ይውላል። እኔም ለወንድሜ ልጅ ስል ይህን ሥራ የሠራሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ ያየሁትንና የተረዳሁትን ለአንባቢዎች ባካፍል ሳይጠቅም አይቀርም ብዬ አሰብሁ።

ወንድሜና ባለቤቱ የተጋቡት አዲስ አበባ ነው፤ ሠርተው የሚኖሩት ግን በዱባይ ነው። ሴት ልጅ በተወለደችላቸው ጊዜ ገና የእልልታው ድምፅ ሳይበርድ የቀን ቈጠራ ተጀመረ። ከውጭ አገር ሰዎች የተወለደ ሕፃን በ120 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ሊወጣለት ይገባል፤ ቀኑ ካለፈ በየዕለቱ መቀጫ ይቈጠራል ተባሉ። ለመኖሪያው ፈቃድ ፓስፖርት ያስፈልጋል። ለፓስፖርቱ የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ለልደቱ ምስክር ወረቀት ደግሞ የወላጆች የጋብቻ ምስክር ወረቀት ተጠየቀ። ይህ የመጨረሻው ወረቀት የት ነበር ቢሉ፣ አዲስ አበባ፣ በእኔ ቤት ሣጥን ውስጥ ነበር።

እዚህ ላይ፣ «ልጅቱ የተወለደችው ዱባይ ከሆነ የዚያው አገር ዜጋ አትሆንምን?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። አትሆንም። በዚህ ነገር አገሮች ሁለት መንገድ ይከተላሉ። አንዳንዶቹ ሕፃኑ የተወለደበትን መሬት ይመለከታሉ፤ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በ1868 እ.ኤ.አ. በጸደቀው 14ኛ ማሻሻያው የያዘው ይህንኑ መንገድ ነው። ሌሎቹ ደግሞ መሬቱን ትተው የወላጆቹን ዜግነት ይመለከታሉ። የባሕረ ሰላጤው የዓረብ አገሮች ከነዚህ ወገን ናቸው፤ የእኛም አገር እንዲሁ።

የእኛ ሕግ በዚህ ረገድ የሚያኰራ ታሪክ አለው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ከመጫናቸው ጥቂት ወራት አስቀድሞ፣ በሐምሌ ወር 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ፣ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው በአገር ውስጥም ይወለድ በውጭ አገር ኢትዮጵያዊ ነው ሲል ደንግጓል። «ወይም እናቱ» የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበለው። እንግሊዛዊት እናት በውጭ አገር ለወለደችው ልጅ ዜግነትዋን እንደ አባት እኩል ለማውረስ የቻለችው ከ1983 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቍጥር 378ም ይህንኑ አጽንተውታል።

እንግዲህ የወንድሜ ልጅ ኢትዮጵያዊት የሆነችው በተወለደችበት ደቂቃ ነው። ፓስፖርቱ ኢትዮጵያዊነትዋን ይመሰክርላታል እንጂ እርሱ አይሰጣትም። ይሁን እንጂ ምስክር የሌለው እውነት በባዕድ አገር መስኮት ፊት አፍ የለውም። ወረቀት የሌላት ሕፃን ድንበር መሻገር አትችልም፤ ትምህርት ቤት ለመግባትም ትቸገራለች፤ ባደገች ጊዜም ማን መሆንዋን በአፍዋ ብቻ ስታስረዳ ትኖራለች።

ወደ ጋብቻው ወረቀት ልመለስ። ወረቀቱን በመጀመሪያ አስተረጐምሁት፤ ቀጥሎ በውልና ማስረጃ፣ ከዚያም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በመጨረሻም በዚያ አገር ኤምባሲ ማኅተም ማስደረግ ነበረብኝ። ነገር ግን ትርጕሙን ሳነበው አንድ ጕድ አገኘሁ። ወንድሜ የተጋባው በጥር 2012 ዓ.ም. ነው፤ አስተርጓሚው ቤት ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ዓመተ ምሕረቱን ግን እንዳለ ትቶታል። በወንድሜ ፓስፖርት ላይ የተጻፈው የልደት ዘመን 1995 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ፣ ሁለቱን ወረቀት ጐን ለጐን የሚያይ የውጭ አገር ሹም ሙሽራው በ17 ዓመቱ ያገባ ልጅ ይመስለዋል። እውነተኛው ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ስለ ነበር ወረቀቱ ተመልሶ ታረመ። አሥራ ሦስት ወር ያለው የዘመን አቈጣጠራችን ጌጣችን ነው፤ ወደ ሌላ አገር በሚሄድ ወረቀት ላይ ግን ሁለቱ ዘመን አብረው ካልተጻፉ ጌጡ ወደ ጣጣ ይለወጣል።

ከዘመኑ የባሰው ጣጣ የስም ነው። የውጭ አገር ቅጽ ሁሉ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን አለው። እኛ ደግሞ የምንጠራው በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም ነው። አበበ ከበደ ተሰማ የሚባል ሰው ልጁን አልማዝ ቢላት፣ እርስዋ አልማዝ አበበ ከበደ ትባላለች። ከአባት ስም መጨረሻ «ተሰማ» አለ፤ ከልጅቱ ስም መጨረሻ «ከበደ» አለ። እናቲቱም የአባትዋን ስም ይዛ ስለምትኖር ከሁለቱም ጋር አትገጥምም። ልማዳችንን የማያውቅ ጸሐፊ ሦስቱን ሲያይ ምንም ዝምድና የሌላቸው መንገደኞች ይመስሉታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ32ኛው ቍጥር ለእያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ቢያዝም፣ ሕዝቡ የአባቱን ልማድ አልተወም። ስለዚህ መፍትሔው የአባትን ስም በአባት ፓስፖርት ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መገልበጥ ነው። «ጸ» የሚለውን ድምፅ አንዱ በአንድ የላቲን ፊደል፣ ሌላው በሁለት ሲጽፈው አባትና ልጅ በወረቀት ላይ ይለያያሉ።

የፎቶግራፉን ነገር ብናወራ ደግሞ ያስቃል። ድሮ ሕፃናት በእናት ወይም በአባት ፓስፖርት ላይ ተጽፈው ይጓዙ ነበር፤ ዛሬ ይህ ልማድ እየቀረ ሄዶ፣ ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2012 እ.ኤ.አ. ሰኔ ወር ወዲህ እያንዳንዱ ሕፃን የራሱን ፓስፖርት መያዝ አለበት። ፎቶግራፉም ፊቱ ወደ ፊት የዞረ፣ የሌላ ሰው እጅ የማይታይበት፣ ከበስተኋላው ነጣ ያለ መደብ ብቻ ያለበት መሆን ይገባዋል። የአርባ ቀን ሕፃን ይህን ማን ያስረዳታል? የወንድሜ ባለቤት ነጭ ነጠላዋን አልጋ ላይ ዘርግታ፣ ልጅቱን በጀርባዋ አስተኝታ፣ ዓይንዋን እስክትገልጥ ድረስ ግማሽ ቀን ጠበቀች።

ፓስፖርቱ በ104ኛው ቀን እጃቸው ገባ። እነርሱ በሕግ የተጋቡ፣ የሥራ ፈቃድ ያላቸው፣ አገር ቤትም ወረቀት የሚያሳድድ ዘመድ ያላቸው ሰዎች ሆነው ሳለ የቀራቸው 16 ቀን ብቻ ነበር። ታዲያ በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ያለ ጋብቻ ወረቀት የወለደች እኅታችንስ? በብዙ የዓረብ አገሮች የጋብቻ ማስረጃ የሌላት እናት ልጅዋን ለማስመዝገብ ትቸገራለች፤ አንዳንድ ጊዜም ለመጠየቅ ራሱ ትፈራለች። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺሕ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ በእናቶቻቸው እቅፍ የገቡ ሕፃናትም ነበሩባቸው። እንዲህ ላለው ችግር ሊሴ ፓሴ የሚባለው የመመለሻ ወረቀት አለ፤ እርሱም ለአንድ ጉዞ ያገለግላል እንጂ ለኑሮ አይሆንም። እንዲህ ያለች እናት የ1922ቱ ሕግ ለእርስዋም ልጅ እንደ ተጻፈ ብታውቅ፣ ቢያንስ የቆንስላውን በር ለማንኳኳት ትደፍር ነበር።

ከዚህ ሁሉ የተማርሁትን በአጭሩ ልንገር። ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄዱ ባልና ሚስት የጋብቻቸውን ወረቀት ሳይሄዱ በፊት አስተርጕመውና ማኅተሙን ሁሉ አስጨርሰው በሻንጣቸው ይያዙ። ዘመኑ በሁለቱም አቈጣጠር ይጻፍ። የሕፃኑ ስም በሆስፒታሉ መዝገብ ከመስፈሩ አስቀድሞ አባትየው ፓስፖርቱን አውጥቶ ፊደሉን ያሳይ። ልደቱንም፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቍጥር 760 እንደሚያዘው፣ በኤምባሲያችን ወይም በቆንስላችን ያስመዝግቡ። አሜሪካን በመሰለ አገር የወለዱ ወላጆች ደግሞ ሌላ ነገር ይወቁ፤ በ1996ቱ አዋጅ መሠረት በውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ፣ አካለ መጠን ባደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላስታወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደ ተወ ይቈጠራል።

የመጨረሻው ቃሌ እንደ እኔ ከመስኮት በስተጀርባ ተቀምጠው ደመወዝ ለሚበሉ ወጣት ባልደረቦቼና ነገ ወንበሩን ለሚረከቡ ተማሪዎች ነው። እኛ «ነገ ተመለስ» ስንል ቃሉ ቀላል ነው፤ ባለጉዳዩም አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ነገር ግን ጠረጴዛችን ላይ የተኛው ወረቀት ባሕር ማዶ የምትተኛ የአንዲት ሕፃን ወረቀት ሊሆን ይችላል፤ ለእርስዋ ከ120 ቀን ላይ አንዱ ቀን ጐደለ ማለት ነው። ዜግነትዋን ሕጉ ሰጥቷታል። ከእኛ የሚጠበቀው ማኅተሙን በጊዜው ማሳረፍ ብቻ ነው።