«ከዚያ» የምትለዋ ቃል

ልጆቼ፣ በተለይ 11ኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ፣ ዛሬ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሞመንተምን በጠመንጃ ምሳሌ ሳስረዳችሁ «አረሩ ይወጣል፣ ከዚያ ጠመንጃው ይራገጣል» እል ነበር። «ከዚያ» የምትለዋ ስህተት ናት።

ባለፈው ወር ከሰዓት ላይ፣ አደን ካምፕ የሚሠራ ተማሪዬ ደወለ። «ቲቸር፣ አንድ ደንበኛ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ይዞ መጣ። ትከሻዬን እንዳይመታኝ ብሎ ሰደፉ ውስጥ ግማሽ ኪሎ እርሳስ አስገብቶበታል (የሚጻፍበትን አይደለም)። አሁን በ50 ሜትር የቀኙ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ ይመታል። ነገ ጎሽ ፍለጋ እንወጣለን። ክብደት እንዲህ ያደርጋል እንዴ?»

«በፍጹም! አረሩ ከወጣ በኋላ ነው የሚራገጠው። ሰውየው ማነጣጠር አይችልም» አልኩት፣ በልበ ሙሉነት።

ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነስቼ ወረቀት ላይ ሞከርኩት። ለ470 ናይትሮ ኤክስፕረስ አረሩ 32 ግራም ገደማ ነው፤ ጠመንጃው 5 ኪሎ፣ ቱቦው 62 ሳንቲ ሜትር ይሁን። አረሩ አፈሙዙ ጋ ሲደርስ ጠመንጃው 4 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄዷል። አረሩ ገና ሳይወጣ! የቀኙ ቱቦ ደግሞ ከመሃል ወደ ቀኝ ስለሆነ፣ ግፊቱ አፈሙዙን ወደ ቀኝም ያዞረዋል። የግራውም ወደ ግራ።

ጠመንጃ ሠሪዎቹ ይህን ድሮ ያውቁታል። ስለዚህ ሁለቱን ቱቦ ትይዩ አያደርጉም፤ ወደ አፈሙዙ እያቀራረቡ በእስታኞ ይበይዷቸዋል። ይተኩሳሉ፣ እስታኞውን አሙቀው በመሃል ያለችውን ሽብልቅ ትንሽ ይገፏታል፣ እንደገና ይተኩሳሉ፣ ሁለቱ አንድ ቦታ እስኪመቱ ድረስ። በድሮዎቹ የእንግሊዝ ጠመንጃዎች ላይ የባሩዱና የአረሩ ክብደት የሚቀረጸውም ለዚህ ነው፤ ልክነቱ ለዚያ ጥይት ብቻ ነዋ። ጠመንጃው ሲከብድ መዞሩ ይቀንስና ምቱ ይሻገራል። ፈጣን ጥይትም ያው ነው፤ ቱቦው ዞሮ ሳይጨርስ አረሩ ያመልጣል። ቀርፋፋ ከሆነ ደግሞ ምቱ ወደየጎኑ ይራራቃል።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ደወልኩ። «ልጄ፣ ትናንት የነገርኩህ ስህተት ነው።»

«አውቄያለሁ ቲቸር። ሳይጨልም እርሳሱን አውጥተን ድጋሚ ተኮስን። ሁለቱም መዳፍ በምታህል ቦታ ገቡ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ትንሽ ዝም አለ። «እንዴት ብዬ ቲቸር?»

ደብተራችሁን ያልጣላችሁ ካላችሁ፣ «ከዚያ»ን ሰርዙልኝ።