«ለከርሞ ትፈተናለች» ያልኩ ቀን

ግራና ላይ አረፋ የሙስሊሙ ብቻ በዓል አይደለም። ጎረቤቴ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ለብቻው በግ ያሳርዳል፤ እኔም በፋሲካ ለእሱ እንደዚያው አደርጋለሁ። አባቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ። ባለፈው አረፋ ግን ከወትሮው ቀደም ብዬ የሄድኩት ትልቋ ልጁ ከጂዳ ስለመጣች ነበር። ከሄደች ከሁለት ዓመት በላይ ሆኗታል።

ግቢው ውስጥ ከማንጎው ሥር የክፍል ጓደኞቿ ከብበዋታል። በ2013 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል የነበሩት ልጆች ናቸው። አንዱ መርሳ ላይ ባጃጅ ይነዳል። አንዷ ልጅ አዝላ መጥታለች። የእኔው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሊጨርስ ጥቂት ቀርቶታል። አንዱ ደግሞ በ2014 እንደወጣ አልተመለሰም፤ እናቱ ቤት ቀድመው ደርሰው ነው የመጡት።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» ብላ ልጅቷ በርጩማዋን ለቀቀችልኝ። ቡናው አቦል ላይ ነበር። ጨዋታቸውን እንዳላቋርጥ ዝም ብዬ አዳመጥኩ።

እኔ እነዚያን ዓመታት የማስታውሳቸው በጎደለው ነው። 11ኛ ክፍል ሳሉ፣ በመጋቢት 2012፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። 12ኛን ጨርሰው ፈተና ሲጠብቁ፣ በነሐሴ 2013፣ ጦርነቱ ወልዲያን አልፎ እኛ ዘንድ ደረሰ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። እኔ ይህን ነው የምቆጥረው። እነሱ ግን እየተቀባበሉ የሚያወሩት ሌላ ነበር።

በኮሮናው ጊዜ የመስኖው የውሃ ተራ ሌሊት ሲደርስ ወላጆች ልጆቻቸውን ይልኩ ነበር። ለካ እነዚህ ተጠራርተው የሁሉንም ቤት ተራ አብረው ይጠብቁ ኖሯል! ውሃው ወደ ሽንኩርቱ ተለቆ አንዱ ቦዩን ሲያይ፣ ሌሎቹ በስልክ ባትሪ ያጠናሉ። አስተማሪያቸው ይህችው የጎረቤቴ ልጅ ነበረች። አንድ ሌሊት ሎጋሪዝም ስታስረዳ ውሃው ጥሶ የሰው ማሳ ገባና የውሃ አባቱ እኔን ሳይቀር ጠርቶ ወቀሰን። ያኔ «ተኝተው ነው» ብዬ ልጄን ተቆጥቼው ነበር። እየተማሩ እንደነበር የሰማሁት አሁን ነው።

እንደ ብዙ የግራና ልጆች መርሳ ቤት ተከራይተው ነው የተማሩት። ወንዶቹ አራት ሆነው በአንድ ክፍል፣ ሴቶቹ ከግድግዳው ባሻገር። እሑድ ስንቅ ይዘው ይሄዳሉ፤ ሰኞ እንጀራ ነው፣ ሐሙስ ድርቆሽ። ሴቶቹ ወጥ ሲሠሩ ወንዶቹ በግድግዳው ቀዳዳ ሽታውን ይጠብቁ እንደነበር ባለባጃጁ ሲያወራ፣ ባለልጇ ከሳቋ ብዛት ሕፃኑን ቀሰቀሰችው።

ከዚያ የፈተና መመዝገቢያው ጉርድ ፎቶ ተነሣ። አራቱም ወንዶች ፎቶ የተነሡት በአንድ ኮት ነው፤ በእኔ ኮት። ልጄ ለአንድ ቀን ብሎ ሳያስፈቅደኝ ወስዶት ኖሯል። እኔ ደግሞ ያንን ኮት ሰርግ ላይ ጠፋብኝ ብዬ ስንቱን ጠርጥሬ ነበር።

ልጅቷም ወደ ልጄ ዞራ «ኮቱስ የአባትህ ነው፤ ያለፍክበት ደብተር ግን የማን ነው?» አለችው። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ ሲቃረብ ጎረቤቴ ለሴት ልጁ ፈርቶ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ላካት። ደብተሮቿ መርሳ ቀሩ። ልጄ ከራሱ ደብተር ጋር ይዟቸው መጣና በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ጓሮ ቀበራቸው። በአገሪቱ የቀሩት ተማሪዎች በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መጀመሪያ 2014 ሲፈተኑ እኛ ወሬውንም አልሰማንም። ታኅሣሥ ላይ መንገድ ተከፈተ፤ ገና ካለፈ በኋላም እንደ እኛ ያሉት በሁለተኛ ዙር ሊፈተኑ ነው ተባለ። ልጄ ደብተሮቹን አውጥቶ ሌት ተቀን ያጠና ጀመር።

አንድ ማታ ጎረቤቴ መጣ። «መምህር፣ ምን ትለኛለህ? ላምጣት ወይስ ትቆይ?» አለኝ። ጡረታ የወጣሁ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ፤ ሰው ይጠይቀኛል። «መንገዱ ገና አልጸና፣ ልጅቷም አላጠናችም። ሴት ልጅ ናት፣ ምን ያስቸኩልሃል? ለከርሞ ትፈተናለች» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። በሳምንቱ የራሴን ልጅ ስንቅ ቋጥሬ ሸኘሁት።

ከርሞ የተባለውም መጣ። በነሐሴ 2014 ቆቦ ላይ ጦርነቱ እንደገና ተቀሰቀሰ። ፈተናውም በጥቅምት 2015 ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛወረ፤ በአገር ደረጃ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እሷም ሄዳ ተፈተነች፣ አልሆነላትም። ብዙ ሳትቆይ ፓስፖርት አወጣች። ከዚያ ወዲህ በላከችው ገንዘብ የአባቷ ቤት ቆርቆሮ ተቀይሯል፣ የውሃ ሞተርም ተገዝቷል። ያ ሞተር በተነሣ ቁጥር ድምፁ እኔ መኝታ ቤት ድረስ ይመጣል።

ልጆቹ ተነሥተው ወደ ቦዩ ሲወርዱ እሷ ስኒ ልትሰበስብ ቀረች። አባቷም ነበር። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ልጄ፣ ያኔ እንዳትመጪ አባትሽን የመከርኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ ጋሼ። አባዬ ያኔውኑ ደውሎ ነግሮኛል።» ስኒዎቹን ትደረድራለች። «ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር።»

ጎረቤቴ «የአላህ ፈቃድ ነው፣ መምህር፤ የጠየቅሁህም እኔ ነኝ» ብሎ ሊያስጥለኝ ሞከረ። ደግ ሰው ነው። እሷ ግን አላስጣለችኝም፣ አልተቆጣችኝምም። «እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ ሌላ ቅሬታ የለኝም» አለች። ቀጥላም ታናሽ እህቷን ጠራቻት። ልጅቷ 10ኛን ጨርሳ 11ኛ ልትገባ ነው። ከሐምሌ 2015 ወዲህ በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ እዚህ መድረሷም ትንሽ ነገር አይደለም። «ይቺን ያስጠኑልኝ። ደብተሮቼን ከልጅዎ እቀበላለሁ» አለችኝ።

ልጄ ደብተሮቹን ያን ዕለት ማታ ወሰደላት። እስካሁን ለምን እንዳልመለሰ ብጠይቀው «ምን ብዬ ልስጣት?» አለኝ። እሱም ለካ እንደ እኔው ነበር።

እሷ ወደ ጂዳ ተመልሳለች፤ አንድ ዓመት ይቀረኛል ብላለች። ታናሽየዋ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ዘንድ ትመጣለች። እውነቱን ለመናገር የ11ኛ ክፍል ሒሳብ ይከብደኛል፤ የመማሪያ መጽሐፉም ተቀይሯል። ቢሆንም የእህቷ ጽሑፍ ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱን ደረጃ አስምራ ትጽፍ ነበር። ደብተሩን መሐላችን ዘርግተን አብረን እናነባለን።

ባለፈው ቅዳሜ ሎጋሪዝም ላይ ደረስን። ገጹ ላይ የደረቀ ጭቃ ተጣብቋል፤ የጣት አሻራ ይታይበታል። ልጅቷ በጥፍሯ ልትፍቀው ስትል «ተይው» አልኳትና የቦዩን ታሪክ ነገርኳት። ሳቀች። ከዚያ የውሃ አባቱ ማን እንደነበር ጠየቀችኝ፤ አያቷ መሆኑን እስከዚያች ቀን ድረስ አልሰማችም ኖሯል።