ለስብሰባ ወደ ሐረር

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከአዲስ አበባ ውጭ ለስብሰባ እንዲሄድ ደብዳቤ በደረሰው ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ስብሰባው ርእስ ነው ብሎ የሚያምን አንባቢ ቢኖር፥ እርሱ ራሱ ተልኮ የማያውቅ መሆን አለበት። እኛስ ደብዳቤውን እንደ ተቀበልን በመጀመሪያ ያሰላነው የውሎ አበሉን ነበር፤ ቀጥሎም በቁም ሣጥናችን የተሰቀለውን አንድ ኮት በዐይነ ኅሊናችን አገላብጠን ተመለከትነውና ለሰው ፊት የማይበቃ ሆኖ አገኘነው። የስብሰባው ርእስ የመዛግብት አያያዝ መሆኑን ልብ ብለን ያነበብነው በማግሥቱ ነው።

አዲስ ሱፍ ልብስ እንዲሰፋልን ባዘዝን ጊዜ ባለቤታችን «ሰው የሚያየው ሪፖርትህን ነው ወይስ ሱሪህን?» ብላ ጠየቀችን። ጥያቄው የሚመለስ ስላልነበረ ዝም አልን። እርሷም የሐረር ቡና እንዳንረሳ አሳስባ ሸኘችን።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ከደረሰበት ጊዜ ወዲህ ያደገች የቆላ ከተማ መሆኗን በትምህርት ቤት ተምረን ነበር፤ ነገር ግን ቆላ ማለት ምን እንደ ሆነ የገባን ከአውሮፕላን ስንወርድ ነው። የአገሩ ሰው ሽርጡን አገልድሞ፥ ነጠላ ጫማውን ተጫምቶ፥ በዛፍ ጥላ ሥር ሲጨዋወት፥ እኛ ከየመሥሪያ ቤቱ የተላክን ሰዎች ግን ከራቫታችንን እንዳጠበቅን በላብ ተጠምቀን መኪና እንጠብቅ ነበር። ኮቱን ለማውለቅ የደፈረ አንድም አልነበረም። ሁሉም የሌላውን ማውለቅ ይጠብቃል፤ ሌላው ደግሞ የበላዩን። የደንገጎን ጠመዝማዛ ዐቀበት ወጥተን የሐረር ነፋስ ፊታችንን እስኪነካን ድረስ በዚሁ ሁኔታ ተጓዝን።

ስለ መጀመሪያው ቀን ስብሰባ ብዙ የምንለው የለም። ወንበሮቹ ሁሉ የስም ካርድ ተደርጎባቸው በማዕርግ ተደርድረዋል፤ የእኛም በመጨረሻው ረድፍ ከመጋረጃው አጠገብ ሆነ። ስለ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት በ1991 ዓ.ም. ስለ ወጣው አዋጅ ገለጻ ተደረገ። ምሳውም እንደማንኛውም የስብሰባ ምሳ ሩዝና መኮሮኒ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የወደቀ እርሳስ ለማንሣት ጐንበስ ብንል፥ ስንት ቀን ሙሉ የተከራከርንበት አዲሱ ሱሪያችን ከኋላው ተተረተረ።

ኮታችን ረጅም ባይሆን ኖሮ ምን እንደሚውጠን እግዚአብሔር ያውቃል። ግድግዳ ግድግዳውን ይዘን ወጣንና የሆቴሉን ዘበኛ ልብስ ሰፊ የት እንደሚገኝ ጠየቅነው። «መኪና ግርግር ሂድ» አለን። በጁገል ግንብ ውስጥ፥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚያወርደው ጠባብ መንገድ በግራና በቀኝ በልብስ ሰፊዎች የተሞላ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። እውነትም ከሩቅ ሲሰሙት በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስላል።

ከሰፊዎቹ አንዱ ቀዳዳውን በጣቱ ዳስሶ «አቦ፥ አውልቀው!» አለን። በዚያ አገር ለሹምም ለሎሌም አንድ «አንተ» መሆኑን ሰምተን ነበርና አልተቀየምንም፤ እንዲያውም ከጠዋት ጀምሮ «ክቡር» እና «ክቡራን» ሲባል ለዋለ ጆሮ ዕረፍት ነበር። ምን ለብሰን እንደምንቈይ ብንጠይቀው ከጀርባው የተሰቀለውን ሽርጥ ወረወረልን። እንዲህም ከወገባችን በላይ የአዲስ አበባ ጸሐፊ፥ ከወገባችን በታች የሐረር ነጋዴ ሆነን በርጩማ ላይ ተቀመጥን።

«ሱፉ ደኅና ነው፤ ክሩ ግን ልብስ አይይዝም» አለ ሰፊው። «ላይ ላዩን ብቻ አይተህ ነው የከፈልኸው።»

ሱሪው እስኪጠገን ድረስ አንድ ልጅ ፈጢራ አመጣልን። ሊጡ እንደ ሻሽ ሳስቶ ይዘረጋል፤ ዕንቁላል ይፈስበትና ተጣጥፎ ይጠበሳል፤ በላዩም ማር ይጨመራል። በጉልበታችን ላይ ጋዜጣ ዘርግተን በላነው። በዚያ ሳምንት ከበላነው ሁሉ በጣዕም የሚተካከለው አልነበረም፤ ከስብሰባው ጠረጴዛ የበላነውማ ምን እንደ ነበረ ዛሬ ሁሉንም አናስታውሰውም። በፊታችንም የጁገል ሴቶች ብርቱካንማና ቀይ፥ ወይን ጠጅና አረንጓዴ ለብሰው ያልፉ ነበር። እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው የሚጮኽ፥ ሲደባለቅ ግን የሚስማማ ነው። በአዳራሹ ውስጥ ከተሰበሰብነው ሰዎች መካከል ከግራጫና ከጥቁር የወጣ ልብስ የለበሰ አንድም እንዳልነበረ ያን ጊዜ ትዝ አለን።

ሱሪያችንን ስንለብስ የከሰዓቱ ጉባኤ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። መመለስ ይገባን ነበር፤ አልተመለስንም። ፈጢራውን ያመጣው ልጅ አገሩን ሊያሳየን ቀድሞ መንገድ ጀመረ፥ እኛም ተከተልነው።

በአንድ ጥንታዊ የሐረሪ ቤት ጫማችንን በደጅ አውልቀን ገባን። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት ሥራ አጊጧል። መደቡ በቀይ አፈር የተለቀለቀ ሲሆን፥ ቅላቱ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይባላል። ነደባ የሚባሉት መደቦች አምስት ናቸው፤ እያንዳንዱም ለማን እንደሚገባ የታወቀ ነው። የቤቱ እመቤት ግን «ልጄ፥ እዚህ ሁን» ብለው ለአባወራው የሚገባውን የአሚር ነደባ አሳዩን። ይህን ስፍራ ያገኘነው እንግዳ ስለ ሆንን እንጂ በማዕርጋችን እንዳልሆነ ስለ ተረዳን፥ ከጠርዙ ላይ ጥቂት ተቀምጠን አመስግነን ወጣን።

ከዚያም ልጁ ራስ ተፈሪ ቤት ወደሚባለው፥ በእንጨት ሥራ ወዳማረው ሕንፃ ወሰደን። በውስጡ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ያቋቋሙት ሙዚየም ይገኛል። እኚህ ሰው መንግሥት ሳያዛቸው የከተማይቱን ጥንታዊ ቅርስ፥ የእጅ ጽሑፉንና ገንዘቡን፥ ጌጣጌጡንና የድምፅ ቅጁን ሁሉ እየለቀሙ በመጀመሪያ በገዛ መኖሪያ ቤታቸው ሰበሰቡት። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባች በኋላ ክምችቱ ወደዚህ ቤት ተዛውሯል። እዚህ ብል የበላው የመጽሐፍ ጠርዝ በአዲስ ወረቀት ይጠገናል፤ ጥራዙም እንደ ጥንቱ በቆዳ ይሠራል።

ከመስተዋቱ ፊት ቆመን ሳለ የሚከተለው ነገር ትዝ አለን። ለማንም ነግረነው አናውቅም።

ከስድስት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤታችን ሕንፃ ሲለውጥ፥ አሮጌ ዶሴዎች የተሞሉ 14 ጆንያዎች በኪሎ ለወረቀት ገዥ ተሸጡ። መረከቢያው ላይ የፈረምነው እኛ ነን። አንድ ወር ሳይሞላ ባለቤታችን ከሱቅ ያመጣችው ጨው የመሥሪያ ቤታችን ማኅተም ባለበት ወረቀት ተጠቅልሎ ተገኘ። በዚያ ጊዜ ሳቅን እንጂ አላዘንንም። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሽማግሌ፥ ቀድሞ በሾፌርነት ያገለገሉ፥ ለጡረታቸው የአገልግሎት ማስረጃ ፍለጋ ወደ መዝገብ ቤታችን ይመላለሱ ጀመር። «አልተገኘም» አልናቸው፤ በሌላ ጊዜም «እየተፈለገ ነው» አልናቸው። ሁልጊዜ አንድ ኮት ለብሰው፥ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይመጡ ነበር። በሁለተኛው ዓመት መምጣት ተዉ። ለምን እንደ ተዉ አልጠየቅንም።

በዚያ ማታ ከባልደረቦቻችን ጋር ጅብ ሲመገብ ለማየት ወጣን። ሰዎች ሥጋ በእንጨት ላይ አድርገው በአፋቸው ይዘው ያበሉታል፤ ሁሉም ፎቶግራፍ ተነሣ። የእኛም ፎቶግራፍ አለ፤ ጅቡ ከእኛ ይልቅ ደስ ያለው ይመስላል።

በማግሥቱ እያንዳንዱ መልእክተኛ የመሥሪያ ቤቱን ልምድ እንዲያሰማ ተጠየቀ። አለቃችን የፈረሙበት «መዛግብቶቻችን በሚገባ ተጠብቀው ይገኛሉ» የሚል አንድ ገጽ በኪሳችን ነበረ። ተነሥተን ሌላ ነገር ተናገርን ብለን ብንጽፍ ለአንባቢ ደስ ባለው ነበር። እኛ ግን ገጹን እንደ ተጻፈ አነበብነው፤ ተጨበጨበልን፥ ተቀመጥን። ሱሪው አልተተረተረም።

ወደ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ የጉዞውን ሪፖርት ሦስት ጊዜ ጻፍነው። በሦስተኛው ላይ ከሰዓቱ ጉባኤ መቅረታችንን፥ የት እንደ ዋልንና ምን እንዳየን፥ ስለ 14ቱም ጆንያዎች ገለጽን። ያን የግማሽ ቀን አበልም ለመመለስ ጠየቅን። አለቃችን ሪፖርቱን አንብበው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

«ማን ነበር የፈረመው?»

እኛ መሆናችንን ነገርናቸው።

«ሽያጩን የፈቀድሁት ደግሞ እኔ ነኝ» አሉ። ቀጥለውም «ሁሉም ተወስዶ ነበርን?» ብለው ጠየቁን።

ከደረጃው ሥር ባለው ዕቃ ቤት ጥቂት ቀርቶ እንደ ነበረ አስታወስን። ሁለት ጆንያ ይመስለን ነበር፤ በፋኖስ ብርሃን ስንቈጥር አራት ሆኑ፥ አንዱንም አይጥ በልቶታል። ኮታችንን አውልቀን፥ እጅጌያችንን ሰብስበን፥ በየቀኑ ከሥራ ሰዓት በኋላ ወረቀቱን መለየት ከጀመርን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። ባለቤታችን የላከችውን የሐረር ቡና በፔርሙዝ ይዘን እንገባለን። የሽማግሌውን ስም እስካሁን አላገኘነውም፤ አራተኛው ጆንያ ግን ገና አልተፈታም።