ቡልኮ የለበሰው ፍሪጃችን

ስለ ፍሪጅ ነው የምጽፈው፤ አትሳቁ። ትንሽ ይረዝማል። ጊዜ ያለው ያንብበው፣ ቤቱ ውስጥ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ያለ ግን ጊዜ ባይኖረውም ያንብበው።

እማዬ ስኳር እንዳለባት ከታወቀ 9 ዓመት ሆነ። ጠዋትና ማታ ራሷ ነው የምትወጋው፤ መርፌውን ለማንም አትሰጥም። ቤታችን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነው። የሴቻ ሰዎች «እኛ ጋ እኮ ነፋስ አለ» እያሉ ይኮሩብናል እንጂ ሙቀቱ ለሁላችንም ነው። በበጋ 30 ዲግሪን ማለፍ ለከተማችን ምንም አይደለም፤ ቆርቆሮ ስር ሲሆን ደግሞ እናንተው ገምቱት። አክስቴ የምትኖረው ጨንቻ ነው፣ ከኛ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ። እሷ ቤት ፍሪጅ የሚባል ነገር የለም፣ ቅቤዋም ምንም አይሆንም። እኛ ግን ያለ ፍሪጅ ጠዋት የገዛነው የጫሞ አሳ ለእራት አይደርስልንም። የእማዬ መድኃኒት ደግሞ ከአሳውም ይብሳል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ማስቃላ ነው። ጋሞ ውስጥ ማስቃላ ምን ማለት እንደሆነ ለምታውቁ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ለማታውቁ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚቆጠብለት፣ የተበተነ ዘመድ ሁሉ የሚሰበሰብበት በዓል ነው። ሽሮ ሜዳ ሽመና ላይ ያሉት አጎቶቼ ወደ ዶርዜ ሲወጡም ሲመለሱም እኛ ቤት ያድራሉ። ፍራሽ ማንጠፊያ ቦታ ጠፋ። እኔ ምን አደረግኩ? ፍሪጁን ገፍቼ ከግድግዳው ጋር አጣበቅኩት። ለሦስት ቀን ብዬ። እንግዳው ሄደ፣ ፍሪጁ እዚያው ቀረ።

የቅርጫው ሥጋ ሲመጣ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ሞላነው። ያኔ በሩ ላይ ያለው ወተት መበላሸት ጀመረ። ቁጥር ማዞሪያውን ከ3 ወደ 7 አዞርኩት። የእማዬን ኢንሱሊንም በሩ ላይ ከነበረበት አንስቼ ወደ ውስጥ፣ ከፍሪዘሩ ስር፣ የኋላውን ግድግዳ አስጠግቼ አስቀመጥኩት። መድኃኒት አይደል፣ በደንብ ይቀዝቅዝ ብዬ። እስከ ዛሬ ካደረግኳቸው ጥንቃቄዎች ሁሉ የከፋው ይሄ ነው።

ጥቅምት ላይ የእማዬ ስኳር መውጣት ጀመረ። 240። 280። አንድ ጠዋት ባዶ ሆዷን ተለክታ 330። ሌሊት ውሃ ስትጠጣና ሽንት ቤት ስትመላለስ ድምጿን እሰማለሁ። ጠዋት ላይ ደግሞ እኛ ልጆቿ መርማሪ ፖሊስ ሆንን።

«እማዬ፣ ሙዝ በልተሻል?»

«አልበላሁም አልኩ እኮ!»

የምንኖረው አርባ ምንጭ ነው። የላንቴና የቻኖ ሙዝ በየበራችን ያልፋል፣ ከሙዝ መሸሽ አይቻልም። እህቴ ቅርጫቱ ውስጥ ያለውን ሙዝ ማታ ቆጥራ መተኛት ጀመረች። እኔም አንድ ቀን ጠዋት ስቆጥር እማዬ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ምንም አልተናገረችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከኛ ጋር በአንድ ትሪ መብላት ተወች፤ «እርቦኝ አይደለም» እያለች ለብቻዋ ትንሽ ነገር ቀማምሳ ትነሳለች። ሐኪም ጋ ወሰድናት፤ እኛው ቀድመን «ምግብ አትጠነቀቅም» አልን። የምትወጋው መጠን ከፍ ተደረገ። ስኳሩ ንቅንቅ አላለም።

ያዳነን መድኃኒት ቤት ውስጥ ያገኘናት አንዲት ልጅ ናት። አዲስ ልንገዛ ስንሄድ እማዬ የጀመረችውን ብልቃጥ ይዛ ነበር። ልጅቷ ተቀብላት በሁለት መዳፏ መሀል ቀስ እያደረገች አሽከረከረችውና ወደ ብርሃን አነሳችው። የእማዬ ኢንሱሊን ደፍረስ የሚለው ዓይነት ነው፤ ሲሽከረከር እንደ ወተት እኩል መሆን አለበት። የኛ ግን ነጫጭ ቅንጣት ነበረው፣ ብልቃጡ ላይ ውርጭ የመሰለ ነገር ተለጥፏል።

«ይሄ በረዶ ሆኖ ነበር» አለች።

«ኧረ የኛ ፍሪጅ ወተት እንኳን አያቆይም!» አልኳት።

«ወተቱን አይደለም የጠየቅኩህ። ይሄ ፍሪጁ ውስጥ የት ነበር?»

አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ተመልሶ ኢንሱሊን አይሆንም። ይጣላል። ጥርት የሚለው ዓይነት ደግሞ ይብሳል፤ ቀልጦ ሲታይ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት የሚለውን እንሰማለን፤ «8 እንዳያልፍ» የሚለውን እንፈራለን እንጂ 2 የሚለውን ማን ልብ ይላል? ልጅቷ ሌላም ነገር አለችን፣ ያኔ ዋጋው ብዙም አልገባኝም ነበር። አዲሱን ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪሙን አነጋግሩ አለች። መጠኑ ከፍ የተደረገው ለሞተው መድኃኒት ነው፤ ጤነኛውን በዚያ መጠን ብትወጋው ስኳሯ በአንዴ ወርዶ ልትወድቅብን ትችል ነበር። በዚያው ቀን ተመልሰን ሄድን፣ ሐኪሙ መጠኑን ወደ ድሮው መለሰው።

ወደ ቤት ስንመለስ እማዬ ባጃጁ ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች። «ሙዝ» አለች።

አሁን ወደ ፍሪጁ። አንድ ፍሪጅ እንዴት ነው በሩ ላይ ወተት እያበላሸ ኋላው ላይ መድኃኒት በረዶ የሚያደርገው? ጤና ጣቢያ የምትሠራ የአጎቴ ልጅ አለች፤ የክትባት ፍሪጃቸውን ሙቀት ጠዋትና ማታ እየለኩ ይመዘግባሉ። «እናንተ ለክታችሁ ታውቃላችሁ?» አለችኝ። ለክተን አናውቅም፤ እጃችንን ከትተን «ይቀዘቅዛል» ነው የምንለው። ትንሽ ቴርሞሜትር ገዛሁ። ከሰዓት መሀለኛው መደርደሪያ ላይ ሳየው 12። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ የኋላውን ግድግዳ አስጠግቼ ያቆየሁትን ሳየው ከዜሮ በታች 2። ቀን ቀን ደክሞት የሚውል፣ ሌሊት አየሩ ሲበርድና የመብራቱ ኃይል ሲስተካከል ደግሞ 7 ላይ ስለታዘዘ ሳያቋርጥ የሚሠራ ፍሪጅ ነበረን።

ከዚያ በፊት አንድ ጠጋኝ ጠርተን ነበር። ጎኑን በእጁ ዳሰሰና «ጋዝ ጨርሷል» አለ፣ ሞላ፣ ብሩን ተቀብሎ ሄደ። ለሳምንት የተሻለ መሰለን፣ ከዚያ ያው። አሁን የጠራናቸው ሽማግሌ ግን ገና ከበሩ ሲገቡ ፍሪጁን አይተው «ይሄን ማን ነው ግድግዳ ውስጥ የቀበረው?» አሉ። ዝም አልኩ።

«ጋሼ፣ ጋዝ ነው እንዴ ችግሩ?»

«ልጄ፣ የፍሪጅ ጋዝ የሞተር ሳይክል ቤንዚን አይደለም፣ እየነደደ አያልቅም። እዚያው ነው የሚዞረው። ከቀነሰ የሚያፈስበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳውን ሳይደፍን የሚሞላልህ ሰው ተመልሶ ሊመጣ አስቦ ነው።»

ከዚያ ጀርባው ላይ ያለውን ወረቀት አስነበቡኝ። የጋዙ ዓይነት አር 134ኤ ይሁን አር 600ኤ፣ ስንት ግራም እንደሚይዝ፣ ሁሉም ተጽፏል። በሚዛን ነው የሚሞላው እንጂ በግምት አይደለም፤ 600ኤ የሚባለው ደግሞ በእሳት የሚቀጣጠል ዓይነት ስለሆነ ከየትም የመጣ ሰው አይነካካውም። እዚያው ወረቀት ላይ ሌላም ፊደል አለ። «ኤን» የሚል ከሆነ የተሠራው እስከ 32 ዲግሪ ለሚደርስ ክፍል ነው፣ «ኤስቲ» እስከ 38፣ «ቲ» እስከ 43። የኛው «ኤን» ነው። ከብርድ አገር መጥቶ ሲቀላ የወደቀ ምስኪን። እናንተ ቆላ የምትኖሩ፣ አሮጌ ፍሪጅ ስትገዙ ከቀለሙ በፊት ይቺን ፊደል እዩ።

ፍሪጁን ነቅለን ስንስበው ነው ጉዱ የወጣው። እማዬ የዶርዜ ልጅ ናት፤ እንዝርት ሳትይዝ አትውልም። መቀመጫዋ መስኮቱ ስር፣ ከፍሪጁ አጠገብ ነው። የስንት ዓመት የጥጥ ብናኝ ተስቦ ገብቶ ከኋላ ያለው ጥቁር የሽቦ ፍርግርግ ላይ ተጋግሯል። ከአቧራና ከወጥ ቤት ቅባት ጋር ተዳውሮ በእጄ ስስበው እንደ ጨርቅ ተገፈፈ።

«ቡልኮ አልብሳችሁታል» አሉ ሽማግሌው። «ፍሪጅ ብርድ አይሠራም። ከውስጥ ሙቀቱን እየተሸከመ በዚህ በኋላው ነው የሚጥለው። መጣያውን ቡልኮ አልብሰህ፣ በላዩ ግድግዳ ደግፈህበት፣ የት ይጣለው?»

እማዬ በጥጡ ልትደነግጥ ስትል አየኋት። ቶሎ ብዬ «የገፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ለአንድ ወር የራሷን ያልሆነ ጥፋት ተሸክማለች፣ ይሄንንም ልትጨምርበት ነው እንዴ?

ቀኑን ሙሉ ጠረግን። ፍርግርጉን በደረቅ የቀለም ብሩሽ ከላይ ወደ ታች። ፍሪዘሩን አጥፍተን፣ በሩን ከፍተን፣ የፈላ ውሃ በድስት አስገብተን በረዶውን አቀለጥነው። የእህቴ ባል ቢላ ይዞ መጣ። እባካችሁ፣ በረዶ በቢላ የሚፈነቅል ዘመድ ካላችሁ ቢላውን ቀሙት፤ ጋዙ የሚዞርበት ቱቦ ከዚያች ስስ ቆርቆሮ ስር ነው፣ አንዴ ከተበሳ ያኔ በእውነት «ጋዝ ጨርሷል»።

የበሩ ጎማ እጥፋት ውስጥ የሥጋ ስብና የደረቀ ዳጣ ነበር። 10 ብር በሩ መሀል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት፤ ያዝ ካደረገው ጎማው ጤነኛ ነው፣ የኛ ግን ሁለት ቦታ ላይ ዝም ብሎ ተንሸራተተ። በሞቀ የሳሙና ውሃ አጠብነው፣ የደረቀውን ክፍል በሙቅ ፎጣ አለሳልሰን ወደ ቅርጹ መለስነው፣ አዲስ ሳንገዛ ያዘ። የፊት እግሮቹን ትንሽ ከፍ ስናደርጋቸው ደግሞ በሩ ራሱ መዘጋት ጀመረ። ከአትክልት መሳቢያው ስር ሁሌ የሚያቁረው ውሃ፣ ለካ ከኋላ ያለችው የውሃ መውረጃ ቀዳዳ በቅጠል ተደፍና ነው። ውስጡን በቤኪንግ ሶዳና በለብ ያለ ውሃ ወለወልነው፤ በረኪና አልነካንም። የአሳው ሽታ ሄደ። የዳጣው ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ እስከ ዛሬ አልሄደም።

ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅነው፣ ቁጥሩን ወደ 3 መለስነው። በማግስቱ ጠዋት ቴርሞሜትሩን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድርገን መሀል ላይ ስናየው 5። ከሰዓት 6። አንድም ዕቃ አልተቀየረም፣ ጋዝም አልተሞላም።

መብራት የሚሄደው ነገር አሁንም አለ። ምሽት ላይ ስታብላይዘሩ 170 ሲያሳይ አይቻለሁ፣ 220 መሆን ሲገባው። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ ፍሪጁ ቶሎ እንዲነሳ አንፈቅድለትም፤ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪረጋጋ 5 ደቂቃ ይጠብቃል፣ አለዚያ ሞተሩ እያጓራ ይታገልና ይቃጠላል። ይሄን በራሱ የሚያዘገይ ስታብላይዘር አለ፣ የሌለው ሰው ሶኬቱን ይንቀል። ፍሪዘሩ ውስጥ ደግሞ ሦስት የሃይላንድ ፕላስቲክ ውሃ ሞልተን በረዶ አድርገን እናስቀምጣለን። መብራት ሲቆይ ወደ ታች እናወርዳቸዋለን፣ ግን ከኢንሱሊኑ ጋር እንዳይነካኩ። በሩ ካልተከፈተ ለ4 ሰዓት ያህል ብዙም ችግር የለውም። የሚከፍተው ሰው ነው ችግሩ።

የእማዬ ያልተከፈቱ ብልቃጦች አሁን በጨርቅ ተጠቅልለው ክዳን ባለው የምሳ ዕቃ ውስጥ፣ መሀለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከኋላው ግድግዳ ርቀው ነው ያሉት። የጀመረችው ደግሞ የግድ ፍሪጅ ውስጥ መሆን አያስፈልገውም፤ አብዛኛው ዓይነት ከተከፈተ በኋላ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማያልፍ ቦታ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል። እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ ማሸጊያው ላይ ያለውን አንብቡ፣ ባለሙያውንም ጠይቁ። ቤታችን ከ30 ስለሚያልፍ እማዬ በራሷ ዘዴ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጣ ዙሪያውን እርጥብ አሸዋ አድርጋበታለች፤ ቴርሞሜትሩን ከትቼ ለካሁት፣ 24። ከኔ በላይ ታውቃለች ማለት ነው።

ስኳሯ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ድሮው ተመለሰ። ይቅርታ ጠየቅናት፣ እኔና እህቴ፣ ተንበርክከን። «ተነሱ፣ ተነሱ» ብላ ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አብራን ትበላለች።

የፍሪጁን ሙቀት የምትመዘግበው ራሷ ናት። በአሮጌ ደብተር፣ ጠዋት አንድ መስመር፣ ማታ አንድ መስመር። እኔ ፍሪጁን ስከፍት በሰማች ቁጥር ግን ከጓዳ ትጣራለች፦

«ሙዙን ቆጠርከው?»