ርካሹ ክትባት

መላው ባይገኝ ኖሮ እንዲህ አያንገበግብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ሮበርት ላንገርና ባልደረባው፣ ፖሊመር ውስጥ የታሸገ አንቲጅን ቀስ እያለ ሲወጣ አንድ መርፌ የብዙ መርፌ ሥራ እንደሚሠራ በአይጦች ላይ አሳይተዋል። ኋላም የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ለመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይሄው እንዲሞከር ምርምር አስጀመረ። እንክብሎቹ ከአሸዋ ያነሱ ናቸው፤ የሚሠሩበት ፖሊመርም ሐኪሞች ቁስል ሰፍተውበት የማይፈቱት፣ ሰውነት ውስጥ የሚሟሟው ክር ዘመድ ነው። አንዱን በሳምንታት፣ ሌላውን በወራት እንዲፈርስ አድርጎ መቀመም ይቻላል። አንዴ የተወጋች ሴት ቀሪውን ክትባት በክንዷ ይዛ ቀዬዋ ትገባለች።

ብልባላ ላይ ሆነው ሲያስቡት ነው የሚያቃጥለው። ከተማዋ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ነች፤ ከመንገዱ ወጣ ሲሉ ግን ያው የላስታ ገደልና አቀበት ነው። ነፍሰ ጡሯ ለክትባቱ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በአራት ሳምንት ልዩነት መምጣት አለባት። ከወለደች በኋላ ደግሞ ልጇን አዝላ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ። አንዱ ቀጠሮ ከአጨዳ ይገጥማል፣ አንዱ ከወንዝ ሙላት።

እርግጥ እንክብሉ እንከን ነበረበት፤ ፖሊመሩ ሲሟሟ አሲድ ይፈጥራል፣ አሲዱም ክትባቱን ያበላሻል። ለዚያም ቢሆን አሲድ የሚያበርድ ነገር እስከ መቀላቀል ተደርሷል። በእኔ ግምት የቀበረው ሒሳብ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት በጥቂት የአሜሪካ ሳንቲም የሚገኝ ርካሽ ነገር ነውና፣ ውዱን እንክብል የሚያመርት ፋብሪካ ማን ያቁም? የብልቃጡ ዋጋ ተቆጠረ፤ የሴትዮዋ ውሎ አልተቆጠረም። አንዴ ብቻ የሚሰጥ፣ ሙቀት የማይበግረው ክትባት እናመጣለን ብሎ በ1990 የተነሣው የሕፃናት ክትባት ኢኒሼቲቭም በ1999 ተዘጋ።

ጨቅላ የሚገድለውን መንጋጋ ቆልፍ በ1995 እናስወግዳለን ተብሎ ነበር። ኢትዮጵያ ማረጋገጫውን ያገኘችው በ2017 ነው። በዚያው ዓመት የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ክዳን ያላቸው ጥቃቅን የፖሊመር ኩባያዎች ይዘው ብቅ አሉ፤ ሙከራው አሁንም አይጥ ላይ። ከ38 ዓመት በኋላ!

በ2021 የሰሜኑ ጦርነት ላስታ ሲደርስ የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ተዘረፉ። የመጀመሪያውን ወስዶ ሁለተኛውን ይጠብቅ የነበረ ሕፃን ክትባቱ ጭኑ ውስጥ ሊሆንለት ይችል ነበር። የነበረው ግን ጤና ጣቢያው ፍሪጅ ውስጥ ነው።