መብራታችን የት ላይ ያርፋል?



ጌታችን ኢየሱስ በተራራው ስብከቱ፣ መብራት ተለኩሶ ከዕንቅብ ሥር እንደማይደረግ፣ በመቅረዝ ላይ ሆኖ በቤት ላሉት ሁሉ እንደሚያበራ አስተማረ (ማቴዎስ 5፥15-16)። ይህን ክፍል ስንሰብክ ብዙ ጊዜ የምናተኩረው ብርሃናችንን እንዳንደብቅ በማሳሰብ ላይ ነው፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ጌታ የብርሃኑን ዓላማ ጨምሮ ተናግሯል። ሰዎች መልካሙን ሥራ አይተው በሰማይ ያለውን አባት እንዲያከብሩ ነው። እንግዲህ ብርሃኑ ሊያርፍበት የሚገባ ቦታ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ክፍል በሥነ መለኮት ኮሌጅ ብዙ ተምረናል፤ ዲላ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ያየነው ግን እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም።

የእኛን አካባቢ መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከሐዋሳ ተነሥቶ በዲላ፣ በወናጎና በይርጋጨፌ አድርጎ እስከ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልት ሌሊትም አያርፍም። በቡና ለቀማ ወራትማ አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁና ሞተር ሳይክሉ ይጋፉበታል። የጌዴኦ ገጠር በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ስፍራዎች አንዱ በመሆኑ ከመንገዱ ዳር ሰው አይጠፋም። ሸክም ያዘሉ እናቶች፣ ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች፣ ከአዳር ጸሎት የሚወጡ ምእመናን በጨለማ ይሄዱበታል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ከፊቱ የመጣ መብራት ለ3 ሰከንድ ብቻ ዓይኑን ያጨለመበት ሹፌር 50 ሜትር ያህል በዕውር ድንብር ነዳ ማለት ነው። በዚያ 50 ሜትር ውስጥ ሰው አለ።

በአጥቢያችን ከልጅነቱ የምናውቀው አንድ ወጣት ወንድም አለ። ታሪኩን የምንጽፈው በፈቃዱ ነው፤ ስሙን ግን አንጠራም። ዲላ ላይ በፊልም እንደምናየው ያለ የስፖርት መኪና የለም። እርሱ ግን ቪትዙን የኋላ ሞላዋን አስቆርጦ፣ ጎማዋን አስጊጦ፣ በዓይኑ የስፖርት መኪና አድርጓት ነበር። በመጨረሻም የፋብሪካውን አምፖሎች አውጥቶ ነጭ ኤል ኢ ዲ አስገባባት።

አንድ ምሽት ከይርጋጨፌ አገልግሎት በእርሱ መኪና ስንመለስ፣ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ሁሉ ረጅም መብራቱን ብልጭ ብልጭ ያደርግብን ጀመር። ወንድማችን ሳቀና "ፓስተር፣ ቀንተው እኮ ነው" አለን። እኛ ግን ከጎኑ ተቀምጠን የምናየው ሌላ ነበር። ከቡናው በላይ ያሉት የጥላ ዛፎች ቅጠላቸው እስኪቆጠር ድረስ በርቷል፤ አስፋልቱ ግን ጨለማ ነው። ከወናጎ ሳንደርስ በብስክሌት የቡና ጆንያ የሚገፋ ሰው ድንገት አፍንጫችን ሥር ተገኘ። ፍሬኑ ያዘልን፤ ሰውየውም በሰላም አለፈ። እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ በኋላ እስከ ዲላ ድረስ የተናገረ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ወደ አንድ አንጋፋ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ አብረን ሄድን። የእኛ እምነት ተከታይ አይደሉም፤ በሙያቸው ግን የተመሰገኑ ናቸው። ወንድማችን "ጋሼ፣ ብሎኑን ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝና ልሂድ" አላቸው። እርሳቸው ግን ካቻቢቴ አላነሡም። አስቀድመው የጎማውን ንፋስ ለኩ። ቀጥለው የኋላውን ኮፈን አስከፈቱ። ውስጡ የመዘምራኑ ስፒከር ነበረበት፤ አስወረዱት። "ኋላዋ ሲከብድ አፍንጫዋ ሰማይ ታያለች" አሉ። ሞላው መቆረጡም ያንኑ ያባብስ እንደነበር ነገሩት።

ከዚያ መኪናዋን በደልዳላ መሬት ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቃ አስቆሟት፤ ባለቤቱንም በሹፌሩ ወንበር አስቀመጡት። ከመሬት እስከ አምፖሉ መካከል ያለውን ቁመት ለክተው በዚያው ልክ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አሰመሩ፤ ከእርሱም 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብለው ሌላ ደገሙ። የአጭር መብራት የተለመደው ልክ በየ10 ሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ነው። መብራቱ ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ ብርሃኑ ሜዳ ላይ 70 ሜትር ሄዶ መሬት ይነካል ማለት ነው።

አንዱን መብራት በጨርቅ ሸፍነው ሌላውን አበሩ። ደህና አጭር መብራት ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ከላይ ጥርት ያለ ጠርዝ አለው። በግራ በኩል ጠፍጣፋ ነው፤ በቀኝ በኩል ጥቂት ከፍ ይላል። እኛ የምንነዳው በቀኝ ነውና በግራ የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይምራል፤ በቀኝ ዳር የሚሄደውን እግረኛ ያሳያል። የወንድማችን መብራት ግን ጠርዝ የሌለው የተበተነ ነጭ ነገር ነበር።

አምፖሉን አወጡት። የፋብሪካው ሃሎጅን አጭሩ መብራት 55 ዋት ሲሆን፣ ከቀጭኗ የብርሃን ክር በታች ትንሽ የብረት ጽዋ አለችው። ከኋላው ያለው አንጸባራቂ መስታወት የተቀረጸው ያቺ ክር በምትቀመጥበት አንዲት ነጥብ ልክ ነው። ኤል ኢ ዲው ግን በቀለበቱ ውስጥ ዞሮ ስለገባ ጽዋው ወደ ጎን ሆኖ ነበር። ወንድማችን አሁንም ብሎኑን አነሣባቸው። እንዲህ አሉት፦ "ልጄ፣ ምንጩ ከቦታው ሳይኖር ብሎን ባዞር፣ ከፊት የሚመጣው መጮሁን ይተዋል፤ አንተ ግን የራስህን ኮፈን ብቻ ታያለህ።"

ኤል ኢ ዲውን አስተካክለው ቢሞክሩትም በአንዱ ጎን ጠርዙ አልጠራ አለ። በመጨረሻ ሁለቱንም አውጥተው የፋብሪካውን አምፖሎች መለሱ። ከዚያ በኋላ ነው ብሎኖቹን ያዞሩት፤ ቁመቱን በአንዱ፣ ግራና ቀኙን በሌላው። ሲመሽ ወጥተን ሞከርናት። ብርሃኑ እንደ በፊቱ ዓይን የሚስብ አልነበረም፤ መንገዱ ግን ራቅ ብሎ ታየን፤ ብልጭ ያደረገብንም ሰው አልነበረም።

ወገኖች፣ ከዚህ ሦስት ነገር ተምረናል።

አንደኛ፣ ከመብራቱ ኋላ የተቀመጠ ሰው መብራቱ ሌላውን ማሳወሩን አያይም። የሚያውቀው ከፊት የሚመጣው ነው። ሙሴ ከተራራው ሲወርድ ፊቱ እንደሚያበራ አላወቀም ነበር፤ ያወቁት ሊቀርቡት የፈሩት ወንድሞቹ ናቸው (ዘጸአት 34፥29-35)። ቃሉን ነግሯቸው ሲጨርስ ፊቱን በመሸፈኛ ሸፈነ። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለዚያ መሸፈኛ ሌላ ጥልቅ ትርጉም ይነግረናል፤ ሆኖም ሙሴ ብርሃኑን በሕዝቡ ላይ መመኪያ እንዳላደረገው ከታሪኩ ግልጽ ነው።

ሁለተኛ፣ ከአቅጣጫ በፊት ምንጩ ይፈተሽ። እውነትን በፍቅር እንድንይዝ ታዘናል (ኤፌሶን 4፥15)። ልብ ከፍቅር ተንሸራትቶ ሳለ አነጋገርን ብቻ ማለዘብ ብሎን ማዞር ነው። ሰው ቅሬታውን ያቆም ይሆናል፤ መንገዱ ግን አይበራለትም።

ሦስተኛ፣ ለሌላ መንገድ የተሠራ መብራት አለ። ይኸው የእኛ አስፋልት ሞያሌን አልፎ ኬንያ ሲገባ መኪናው ወደ ግራ ይዞራል፤ በዚያ የሚነዳው በግራ ነው። ለዚያ የተሠራ መብራት ከፍ የሚለው በግራ ነውና እዚህ ቢገጠም በቀጥታ የሚወጋው የመጪውን ዓይን ነው። መብራቱ ብልሽት የለበትም፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። ከስልካችን የሰማነውን የሌላ ሰው ተግሣጽ ሳንመረምር በጎረቤታችን ላይ ስናበራ እንዲሁ ይሆናል።

የሚቃወመን ሁሉ ግን እኛ ስላጠፋን ነው አንልም። ብርሃንን የሚጠላም አለ (ዮሐንስ 3፥20)። የሚለየው ግድግዳው ነው። የተሰመረው መስመር የእግዚአብሔር ቃል ነውና፣ ቅንዓታችንን ራሳችን በተመቸን ሳይሆን በዚያ እንለካው።

ወንድማችን ያን ቀን ግድግዳው አጠገብ ቆሞ ቀስ ብሎ "ፓስተር፣ እናቴም እኮ ብልጭ ስታደርግብኝ ነበር" አለን። ጌታን ካገኘ ጀምሮ እናቱ ቤት በሄደ ቁጥር ይገሥጻቸው ነበር። እርሳቸውም አንድ ቀን "ልጄ፣ አንተ ስትመጣ ልቤ ይደነግጣል" ብለውታል። እርሱ ይህን ስለ ስሙ እንደሚደርስ ስደት ቆጥሮት ኖሯል። በሳምንቱ ሄዶ ምንም ሳይሰብክ የኩሽናቸውን ክዳን አደሰላቸው፤ ውሃ ቀዳላቸው። እናቱ እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አልመጡም። ነገር ግን ሲሄድ ቡና ያፈላሉ፤ በቅርቡም "ያ የምትጸልየውን እዚሁ ጸልይ" ብለውታል። እየጸለይንላቸው ነው።

እናንተስ፣ በዚህ ሳምንት ብልጭ ያደረገባችሁ ማን ነው? የትዳር ጓደኛችሁ ነው? ልጃችሁ? ወይስ ገና ጌታን ያላወቀ የሥራ ባልደረባችሁ? ቀንቶ ነው ከማለታችን በፊት በጌታ ፊት ቆመን እንጠይቅ። እናንተ ደግሞ በእኛ በአማኞች መብራት ዓይናችሁ ተወግቶ ከመንገድ የራቃችሁ ወዳጆች ካላችሁ፣ ጌታ ኢየሱስ የተቀጠቀጠውን ሸንበቆ የማይሰብር መሆኑን ዕወቁ (ማቴዎስ 12፥20)። ወደ እርሱ ቅረቡ።

ጌታ ብርሃናችንን በልኩ ያሳርፍልን። አሜን።