በለሆሳስ የሚወጣ ከፍታ

ቀኑን የሰው ገንዘብ ስቆጥር ውዬ ማታ ከማዳምጣቸው ዜማዎች ሁሉ፣ የቬርዲን «አይዳ» ያህል ልቤን የሚነካው የለም። እ.ኤ.አ. በ1871 ለመጀመሪያ ጊዜ በካይሮ የታየው ይህ ኦፔራ፣ ማንነቷን ደብቃ ለፈርዖን ልጅ በባርነት ስለምታገለግል ኢትዮጵያዊት ልዕልት ይተርካል። በሦስተኛው ገቢር አይዳ በሌሊት፣ ከአገሯ በሚወርደው ዓባይ ዳር ቆማ፣ አገሯን ዳግም እንደማታይ ታዜማለች።

ቬርዲ የዚያን ናፍቆት ከፍተኛ ድምፅ ያዘዘው በጩኸት ሳይሆን በለሆሳስ እንዲወጣ ነው። የዘፋኟ ፈተናም ይኸው ነው፤ ያለ ማይክሮፎን፣ ያቺ ቀጭን ድምፅ ኦርኬስትራውን አልፋ ከመጨረሻው ወንበር መድረስ አለባት። እ.ኤ.አ. በ1985 ሊዮንቲን ፕራይስ በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ፣ አይዳን ሆና የኦፔራን መድረክ ስትሰናበት፣ ከዚህ ዜማ በኋላ ጭብጨባው ለደቂቃዎች አላባራም፤ እርሷ ግን አይዳን ሳትለቅ ቆማ ጠበቀች።

ይህን ባደመጥኩ ቁጥር በዓረብ አገር፣ በሰው ቤት የምትሠራው እህቴ ትታወሰኛለች። ስትደውል ሌላውን ሁሉ ጮክ ብላ ታወራለች፤ «አገሬ» ስትል ግን ድምፅዋ ዝቅ ይላል። እኔ በግጥም ፈልጌ ያጣሁትን ያን ዝቅታ፣ ቬርዲ በኖታ አኑሮታል።